አባዬን «ሥራዎ ምን ነበር?» ብላ የጠየቀችው ሲስተር

በየሰፈሩ ቦርሳ አንግተው የሚዞሩትን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ታውቋቸዋላችሁ አይደል? በር ሲያንኳኩ «ዛሬ አይመቸንም» የምንላቸውን? እኔም ብያለሁ። ሁለት ጊዜ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ።

በሦስተኛው አባዬ ራሱ ከፈተላት። ይህ ምስጋና ለእሷ ነው።

አባዬ 71 ዓመቱ ነው። የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ማበጥ ከጀመረ አራት ዓመት አልፎት ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይነሳበታል። ሲነጋ ጣቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ያብለጨልጫል። ቤተ ክርስቲያን መቅረት አይወድም። አንድ እሁድ ጥቁር የቆዳ ጫማውን አንስቶ አውራ ጣቱ በሚያርፍበት በኩል በምላጭ ቀዳዳ አወጣለት። ጫማው አሁንም አለ። እማዬ ልጣለው ስትል ይቆጣል።

ሪህ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። «ሥጋ አብዝተህ ነው» ይለዋል የመጣ ሰው ሁሉ። አባዬ ግን ከዓመት በዓል ውጭ ሥጋ እምብዛም አይበላም። ጠጪም አይደለም። ከሁሉ የከፋው ሕመም የተነሳበት ዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ነው፤ ሽሮና ጎመን እየበላ። ይሄ ነገር ማንንም ግራ አላጋባም። አንድ ክሊኒክ ይሄድና ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ይወጋል፣ በሁለት ቀን ይሻለዋል፣ ይረሳል። ሲመለስ ደግሞ መርፌ። ያ መርፌ ሲደጋገም የደከመ ኩላሊትን ይብስ እንደሚጎዳ የነገረን የለም።

ሲስተር ገብታ ተቀመጠች። ቡናውን እምቢ አለች፣ ውሃ ጠጣች። ግፊቱን ለካች። ከዚያ «አባባ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ያምጡልኝ» አለችው። በፌስታል አመጣላት። ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋ አንድ በአንድ አነበበች። አንዱን ለብቻው አስቀመጠችው፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ሽንት የሚያሸና የግፊት ክኒን። ዩሪክ አሲድን፣ ደም ውስጥ ሲበዛ ሪህ የሚያመጣውን ቆሻሻ፣ ከፍ ያደርጋል አለችን። «ታዲያ ላቁመው?» አላት። «አይ፣ እኔም እርስዎም አናቆመውም። ሐኪሙ አይቶ ይቀይረው።» ይሄኔ ነው እኔ ልቤ የተከፈተላት።

ደብተሯን ቦርሳዋ ከትታ ልትነሳ ስትል ጠየቀችው።

«አባባ፣ ሥራዎ ምን ነበር?»

«ባትሪ፣ ልጄ። መርካቶ። 34 ዓመት።»

ተመልሳ ተቀመጠች።

በአራት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። አባዬ የሞተ የመኪና ባትሪ ያስነሳል። ሆዱን ይከፍታል፣ የተበላሸውን ያወጣል፣ እርሳሱን በድልህ ጣሳ ከሰል ላይ አቅልጦ ገመድ የሚታሰርበትን ራስ አዲስ አድርጎ ያፈስለታል። (እርሳስ ስል ልጆች የሚጽፉበትን አይደለም። እሱ ስሙ ብቻ ነው፤ ውስጡ ይሄ ብረት የለበትም።) ጓንት የለ፣ ጭንብል የለ። ምሳውን እዚያው ይበላል። ቱታውን እማዬ ከእኛ ልብስ ጋር ታጥበው ነበር። መርካቶ መሄድ ካቆመ በኋላም ጓሮ፣ ቆርቆሮው ሥር፣ ጣሳውን አላሳረፋትም። የሰፈር ታክሲ ሾፌሮች ባትሪ ያመጡለታል።

«ጓሮውን ያሳዩኝ» አለች። ጣሳውን አየች። ከጣሳው አጠገብ የልጄን የፕላስቲክ መኪና አየች። ምንም አልተናገረችም። መኪናዋን አንስታ በፌስታል ጠቀለለቻት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ላሳጥረው። በእሷ ወረቀት ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያው ሆስፒታል ሄድን። ዩሪክ አሲዱ 9.4 ነበር። ኩላሊቱም ደክሟል፤ ኩላሊት ሊያጣራው የሚገባው ክሪያቲኒን የሚባል ቆሻሻ 1.8 ደርሷል። የእርሳስ ምርመራው አስቸገረ፤ ናሙናው ወደ ውጭ ተልኮ ሦስት ሳምንት ቆየ፣ ኪስም ይጎዳል። ውጤቱ በዴሲ ሊትር ደም 32 ማይክሮግራም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 ጀምሮ «ከየት እንደመጣ ፈልጉና አስወግዱ» ነው የሚለው።

ሐኪሙ በአማርኛ ቁጭ አድርጎ አስረዳን። ዩሪክ አሲድን በአብዛኛው በሽንት የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። እርሳስ ደግሞ የኩላሊቱን ጥቃቅን ቱቦዎች ይጎዳል። ማስወጣት ሲያቅተው አሲዱ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከ6.8 ገደማ ሲያልፍ መገጣጠሚያ ላይ እንደ መርፌ የሾለ ክሪስታል ይሠራል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን የአጥንቱ ነገር ነው። አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ካለው እርሳስ ከ90 በመቶ በላዩ የሚቀመጠው አጥንት ውስጥ ነው። ከደም በወራት ይቀንሳል፤ ከአጥንት ለመውጣት አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። በእርጅና አጥንት ሲሳሳ ያ የወጣትነት እርሳስ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ማለትም ሥራውን ትተኸው እሱ አይተውህም።

ይሄ ነገር አዲስ አይደለም። አልፍሬድ ጋሮድ የሚባል የለንደን ሐኪም ገና በ1859 እ.ኤ.አ. ከሪህ ታማሚዎቹ ቢያንስ ከአራት አንዱ በእርሳስ የተመረዘ እንደነበር፣ ብዙዎቹም ቀለም ቀቢና ቧንቧ ሠራተኛ መሆናቸውን ጽፏል። አባዬን ያሳቀው ግን የአሜሪካኖቹ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ሰዎች ተደብቀው አረቄ ሲያወጡ እንፋሎቱን በአሮጌ የመኪና ራዲያተር ያሳልፉት ነበር፤ ጠጪዎቹም በሪህ ይያዛሉ። «ራዲያተር ውስጥ ካቲካላ!» ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። የራዲያተር ብየዳ ውስጥ እርሳስ እንዳለ ለእሱ አይነገረውም።

ሐኪሙ ሁሉንም እርሳሱ ላይ አልደፈደፈም። ዕድሜው፣ ግፊቱ፣ ክኒኑ፣ መርፌው፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው አለ። የግፊቱን ክኒን ቀየረለት። ዩሪክ አሲድ የሚቀንስ አሎፑሪኖል የሚባል ክኒን በ100 ሚሊ ግራም ጀመረለት፤ ቆዳው ላይ ሽፍታ ካየ ወዲያው አቁሞ እንዲመጣ አስጠንቅቆ። አሜሪካ ያለችው አክስቴ «መርዝ የሚያጥብ» እንክብል ልላክ ብላ ነበር። ሐኪሙ ከለከለ። እርሳስ ጎትቶ የሚያወጣ መድኃኒት በሆስፒታል ክትትል የሚሰጥ ነው፣ ዋናው ምንጩን መዝጋት ነው አለ።

ሲስተር ሥራዋን ጨርሳ ነበር፣ አይደል? ወረቀት ጽፋለች፣ በቃ። እሷ ግን መመላለሷን አልተወችም። በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ተነሳበት። አባዬ ክኒኑን ሊወረውር ደረሰ፤ «ይሄው ባሰብኝ!» ይላል። መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። አሎፑሪኖል መጀመሪያ ላይ ሕመሙን ሊቀሰቅስ እንደሚችል፣ የቆየው ክሪስታል ሲሟሟ የሚሆን እንደሆነ፣ ማቋረጥ ደግሞ እንደገና ከዜሮ መጀመር እንደሆነ ነገረችው። ሰማት። እኔ ብለው አይሰማኝም ነበር።

የልጄም ደም ታየ፤ 8 ወጣ። ያን ቀን አልቅሻለሁ። ሲስተር ግን ጓሮ ይዛኝ ወጣች። በደረቁ አትጥረጉ፣ አቧራው ይነሳል፤ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። የልጁን እጅ ከምግብ በፊት ሁሌ። አባዬ መሬቱን ራሱ ሲሚንቶ አፈሰሰበት። የተረፈውን እርሳስ አሮጌ ባትሪ ለሚሰበስቡ ሰዎች ሰጠነው። አሁን በማን እጅ፣ በማን ጣሳ እንዳለ ሳስበው ደስ አይለኝም።

ባለፈው ወር የአባዬ ዩሪክ አሲድ 5.6 ወርዷል፤ ግባችን ከ6 በታች ነበር። እርሳሱ 23፣ የልጄ 5። ቀስ እያለ ነው። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ጣቱ አልተነሳበትም።

ስሟን ያልጻፍኩት «እንዳትጽፊኝ» ስላለችኝ ነው። ወረዳዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ግን በየወረዳው እንደ እሷ ያሉ አሉ፣ ክፍያም የለውም። ቤታችሁ ባትሪ የሠራ፣ ራዲያተር የበየደ፣ አሮጌ ቀለም ሲፍቅ የኖረ አባት ወይ አጎት ካለና ጣቱን ካመመው፣ ሐኪሙ ባይጠይቅም ሥራውን ንገሩት። አባዬ ለድሮ የመርካቶ ጓደኞቹ ደውሎ ሦስቱን አስመርምሯል። አንዱ «የሥጋ ነው» ብሎ ዘግቶበታል፤ ነገ እንደገና ሊደውልለት ነው።