የሰገራ ምርመራ ወይስ ኮሎኖስኮፒ? ለምትጠይቁኝ ሁሉ፣ ከነዋጋው

ባለፉት ሁለት ወራት ብቻ አምስት ሰው ይሄንኑ ጠይቆኛል። ሁለቱ የዕቁብ ጓደኞቼ፣ አንዷ አብራኝ የምትሠራ፣ የባለቤቴ ወንድም፣ አሁን ደሞ ጎረቤቴ። «45 ሞልቶኛል፣ ዶክተሩ የአንጀት ካንሰር ምርመራ አድርጊ አለኝ፣ ሰገራ ልስጥ ወይስ ካሜራው ይግባልኝ፣ የቱ ይረክሳል?» ነው ጥያቄው። ካሜራው ማለት ከታች ገብቶ አንጀትን የሚያየው ኮሎኖስኮፒ ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው፣ ስለዚ ዋጋውም ሕጉም የአሜሪካ ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ሁለቱም በቤታችን አልፏል፣ ቢሉንም ከፍለናል።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ከ45 እስከ 75 ዓመት ከሆናችሁ፣ ምንም ምልክት ከሌላችሁ፣ ከእናት ከአባት ከእህት ከወንድም ከልጅ የአንጀት ካንሰር የያዘው ከሌለ፣ ከዚ በፊት ፖሊፕም (አንጀት ውስጥ የሚበቅል ትንሽ ሥጋ) ካልተገኘባችሁ፣ በየዓመቱ ኤፍአይቲ የሚባለውን የሰገራ ምርመራ አድርጉ። (ሰዉ «ፊት» ነው የሚለው፣ ከፊታችን ጋር እንዳይምታታ ብዬ ነው ፊደሉን የምዘረዝረው።) በሰገራ ደም የሚያዩ ከሆነ ግን፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ፣ ይሄ ጽሑፍ ለናንተ አይደለም፣ ቀጥታ ሐኪም ጋ ሂዱ። እኛ ሰዎች ደም ስናይ «ኪንታሮት ነው» ብለን ዓመት እንቀመጣለን፣ ለማንም ለመናገር እናፍራለን፣ እባካችሁ እንደዚ አታድርጉ።

አገር ቤት ሰገራ ምርመራ ሲባል ትዝ የሚለን አሜባና ጃርዲያ ነው፣ አክስቴም ነገሩን ስነግራት «መድኃኒት ሰጡሽ ወይ?» ነው ያለችኝ። ይሄ ሌላ ነው። ኤፍአይቲ የሚፈልገው በዓይን የማይታይ የሰው ደም ነው። «የሰው» የሚለውን ልብ በሉ፣ ድሮ የነበረው የወረቀት ምርመራ ቀይ ሥጋም ያሳስተው ስለነበር ቀድሞ ሥጋ ይከለከል ነበር፣ አሁን ግን ትናንት ጥሬ ሥጋ ወይ ክትፎ በልታችሁም ቢሆን የበሬ ደም አያሳስተውም። በወር አበባ ጊዜና ኪንታሮት እየደማ ባለበት ሰሞን ብቻ አትውሰዱ። ደሞ ናሙናውን የወሰዳችሁበትን ቀን ትንሿ ጠርሙስ ላይ ጻፉ፣ ቀን የሌለውን ላቦራቶሪው ይጥለዋል፣ አብራኝ የምትሠራዋ በዚ ብቻ ሁለቴ ደግማለች።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። እኔ የዶክተር ቀጠሮ መጠበቅ ሰልችቶኝ ከኢንተርኔት ቤት ውስጥ የሚነበብ ኪት ገዛሁ፣ ሁለት ስትሪፕ ያለው በ26 ዶላር። እንደ እርግዝና ምርመራ መስመር ነው የሚያወጣው። የመጀመሪያው ላይ መስመሩ ያለ ይመስላል የሌለ ይመስላል፣ በመስኮት ብርሃን አየሁት፣ በስልክ መብራት አየሁት፣ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። ሁለተኛውን ሞከርኩ፣ ንጹሕ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁለተኛውን አምኜ ልተወው ነበር። ባለቤቴ ነው «ነይ ዶክተሯ ጋ እንሂድ» ያለኝ። ዶክተሯ ስትሪፑን አየችና ይሄ ፋይልሽ ውስጥ አይገባም፣ እንደተመረመርሽም አይቆጠርም አለችኝ፣ የላቦራቶሪውን ኤፍአይቲ ሰጠችኝ፣ በኢንሹራንሴ ዜሮ ዶላር። ውጤቱ ፖዘቲቭ። ኮሎኖስኮፒ ተደረገልኝ፣ 12 ሚሊሜትር ፖሊፕ ተገኘና እዛው ቆረጡት፣ ካንሰር አልነበረም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለዚ ቤት ውስጥ የሚነበበውንም፣ ሽንት ቤት ውኃ ላይ ተጥሎ ቀለም ይቀይራል የሚባለውንም አትግዙ። ዶክተራችሁ ያዘዘውና ላቦራቶሪ የሚያነበው ብቻ።

ዋጋ። ኤፍአይቲ ያለ ኢንሹራንስ 20 ዶላር አካባቢ ነው፣ ቦታ ቦታው ትንሽ ይለያያል። ኮሎጋርድ የሚባለው ሌላው የሰገራ ምርመራ፣ በቲቪ ማስታወቂያው የምታውቁት፣ ደሞ ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ) ለዓመታት 508 ዶላር ከ87 ሳንቲም ሲከፍልበት የነበረ ነው፣ በየ3 ዓመቱ ይደረጋል። ሒሳቡን ሥሩት፣ 3 ዓመት ኤፍአይቲ 60 ዶላር ነው። ይሻላል ወይ ካላችሁ፣ በ2014 የወጣው ትልቁ ጥናት ላይ ኮሎጋርድ ካንሰር ካለባቸው 100 ሰዎች 92ቱን ያዘ፣ ኤፍአይቲ 74ቱን። እዚ ላይ ብቻ ካቆማችሁ ኮሎጋርድ ያሸንፋል። ግን ካንሰርም አደገኛ ፖሊፕም ከሌለባቸው 100 ሰዎች ኮሎጋርድ 13ቱን በከንቱ ፖዘቲቭ አለ፣ ኤፍአይቲ 5ቱን። በ2024 የተፈቀደው አዲሱ ኮሎጋርድ ፕላስ በዚ በኩል ተሻሽሏል፣ ዋጋው ግን አሁንም ከ20 ዶላሩ ጋር የሚቀራረብ አይደለም። ኤፍአይቲ ዘንድሮ ያመለጠውን በሚቀጥለው ዓመት የመያዝ ዕድል አለው፣ ለዛ ነው በየዓመቱ የሚደረገው። አንድ ዓመት አድርጋችሁ አራት ዓመት የምትረሱ ከሆነ ግን የኔን ምክር ተዉት፣ ኮሎኖስኮፒውን አድርጉ፣ ንጹሕ ከሆነ 10 ዓመት ያሳርፋችኋል።

ለንደን ያለችው እህቴ ይሄን ሁሉ ስነግራት ገርሟታል፣ እንግሊዝ ከ50 እስከ 74 ዓመት ላለ ሰው በየ2 ዓመቱ ኤፍአይቲውን መንግሥት በፖስታ በነጻ ይልካል። ስፔን ውስጥ 57 ሺህ ሰው ገደማ ለሁለት ከፍለው ግማሹን አንዴ ኮሎኖስኮፒ ግማሹን በየ2 ዓመቱ ኤፍአይቲ ጋብዘው ነበር፣ በ2025 ውጤቱ ሲወጣ በ10 ዓመት ውስጥ በአንጀት ካንሰር የሞተው ሰው በሁለቱም በኩል ተቀራራቢ ሆነ። ለኤፍአይቲ የመጣውም ሰው በለጠ፣ 40 ከመቶ ገደማ፣ ለኮሎኖስኮፒ 32።

ኮሎኖስኮፒ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ እኔን ያዳነኝ እሱ ነው። አይቶ እዛው ይቆርጣል፣ ሰገራ ይሄን አይችልም። ግን ዋጋው ቢሉ ላይ ያለው ብቻ አይደለም። ባለቤቴ ታክሲ ነው የሚነዳው፣ 50 ሲሞላው ቀጥታ ኮሎኖስኮፒ ታዘዘለት። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ክሊኒኩ የሰጠው ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ የፈረንጅ ምግብ ነው፣ ሽሮና ምስር ስለማይል ሽሮውን በላ፣ 4 ሊትሩን የሚጠጣ አንጀት ማጽጃ እንደምንም ጨረሰ፣ ዶክተሩ ግን አልጸዳም ብሎ አቋርጦ መለሰው። እንደገና ሁለት ቀን ሥራ ቀረ፣ እኔም ቀረሁ፣ ምክንያቱም ማደንዘዣ ስለሚሰጥ የሚወስዳችሁ የምታውቁት ሰው ያስፈልጋል፣ በኡበር ብቻችሁን አይለቋችሁም። ስለዚ የኛን ምግብ ልንገራችሁ፦ ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ የጤፍ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ቆሎ፣ ተልባ፣ ሰሊጥ አቁሙ። ለጾመኛ ነጭ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ፣ ፓስታ፣ የተላጠ ድንች ይሆናል። የመጨረሻው ቀን ጠጣር ምግብ የለም፣ ሻይና ቡና ያለ ወተት፣ የአፕል ጁስ፣ ቀይና ሐምራዊ መጠጥ ግን አይሆንም። ማጽጃው ግማሹ ማታ ግማሹ በነጋታው ጠዋት ሲሆን በደንብ ያጸዳል፣ የሰዓቱን የራሳችሁን ክሊኒክ ጠይቁ። አደጋውም ይነገር፣ አንጀት መበሳት ከ10 ሺህ ሰው 3 ገደማ ላይ ያጋጥማል።

ቢሉን ደሞ ስሙኝ። የኔ ኮሎኖስኮፒ ኤፍአይቲ ፖዘቲቭ ሆኖ የመጣ ስለሆነ «ዲያግኖስቲክ» (ችግር ተጠርጥሮ የሚደረግ ምርመራ) ብለው ኮድ አደረጉትና 1,840 ዶላር ላኩልኝ፣ ለቦታው ለብቻ፣ ለማደንዘዣው ለብቻ፣ ፖሊፑን ላየው ላቦራቶሪ ለብቻ። ከፍዬ ልገላገል ነበር። አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ናት ያስቆመችኝ፣ እሷ ቢሊንግ ነው የምትሠራው። ከሜይ 31 ቀን 2022 ጀምሮ የተጀመረ ወይም የታደሰ የግል ኢንሹራንስ ፕላን፣ ያረጁ ከሕጉ ነጻ የሆኑ ጥቂት ፕላኖች ሲቀሩ፣ ከፖዘቲቭ ሰገራ ምርመራ በኋላ የሚደረገውን ኮሎኖስኮፒ እንደ ስክሪኒንግ (ምልክት ሳይኖር ቀድሞ እንደሚደረግ ምርመራ) ቆጥሮ በነጻ መሸፈን አለበት። ደውዬ ሞዲፋየር 33 (የመከላከያ ምርመራ ነው የሚል የቢል ኮድ) ጨምራችሁ መልሳችሁ ላኩት አልኳቸው፣ አራት ወር ፈጀ፣ ዜሮ ሆነ። ሜዲኬር ላይ ያላችሁ ወላጆች ደሞ ፖሊፕ ከተቆረጠ እስከ 2026 ድረስ 15 ከመቶ ይጠየቃሉ፣ ቀድማችሁ እወቁት። ኢንሹራንስ የሌላችሁ ኮሚዩኒቲ ሄልዝ ሴንተር ሂዱ፣ በገቢያችሁ ልክ ነው የሚያስከፍሉት፣ ግን ኪቱን ከመውሰዳችሁ በፊት «ፖዘቲቭ ከሆነ ኮሎኖስኮፒውን የት ትልኩኛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሆስፒታል ከሆነ ዋጋው ይከብዳል፣ ከሆስፒታል ውጪ ያለ ሴንተር ይቀላል።

ፖዘቲቭ ከሆነባችሁ ደሞ «ምናልባት ተሳስቶ ይሆናል» ብላችሁ ኤፍአይቲውን አትድገሙት። በ2017 የወጣ የካሊፎርኒያ ጥናት ላይ ኮሎኖስኮፒውን ከ10 ወር በላይ ያዘገዩት ሰዎች ላይ ካንሰር በዝቶ ተገኝቷል።

ፖሊፕ ለተገኘባችሁ። ከዚ በኋላ ሰገራ ምርመራ የለም፣ ክትትሉ በኮሎኖስኮፒ ብቻ ነው። አንድ ወይ ሁለት ከ10 ሚሊሜትር በታች የሆኑ ተራ አዴኖማዎች (ቆይተው ወደ ካንሰር ሊቀየሩ የሚችሉ ፖሊፖች) ከሆኑ 7 እስከ 10 ዓመት ይሰጧችኋል፣ እንደኔ 10 እና ከዛ በላይ ከሆነ 3 ዓመት። ይሄ የክትትል ኮሎኖስኮፒ በነጻ ላይሆን ይችላል፣ ብዙ ፕላን ዲዳክቲብል (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪሳችሁ የምትከፍሉት) ላይ ይጥለዋል፣ እኔ ከአሁኑ በየወሩ 40 ዶላር እያስቀመጥኩ ነው። ወላጅ ወይ ወንድም እህት ከ60 ዓመቱ በፊት የአንጀት ካንሰር የያዘው ያለባችሁም እንደዛው፣ በ40 ዓመታችሁ ወይም እሱ ከያዘው ዕድሜ 10 ዓመት ቀድማችሁ፣ የቀደመውን ይዛችሁ፣ በየ5 ዓመቱ ኮሎኖስኮፒ።

ባለፈው ወር ክሊኒኩ ለኔም ኤፍአይቲ ኪት በፖስታ ላከልኝ፣ ኮምፒውተሩ ለሁሉም ስለሚልክ ነው። አድርጌው ኔጌቲቭ ቢመጣ ኖሮ የ3 ዓመቱን ቀጠሮ ልተወው እችል ነበር። ደወልኩና ፖሊፕ ያለባት ናት ብለው ፋይሌ ላይ አስጻፍኩ። ኪቱን ግን ለጎረቤቴ እንዳልሰጣት፣ ባርኮዱ በስሜ ነው፣ የሷን ዶክተሯ ያዝዝላታል።