ዊሊያምስ፣ ኦልድ ስፓይስ፣ ታባክ ወይስ ቼላ? የዱሮ ጺም መላጫ ሳሙና መግዛት ለሚያምራችሁ

ቤቴ የመጣ እንግዳ መደርደሪያዬን ሲያይ መጀመሪያ የሚለው ነገር የታወቀ ነው። «ይሄ ሁሉ ሳሙና ለአንድ ጺም?» ሻይ ከቀረበ በኋላ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ ልጀምር ብል የቱን ልግዛ?» ይላል። እኔም መልሼ እጠይቀዋለሁ፤ ልትላጭበት ነው ወይስ ልታስቀምጠው? ሁለቱንም በአንድ ሳሙና አገኛለሁ ያለ ሰው ብሩን ይበላል። እኔም በልቻለሁ።

ባሕር ዳር ውስጥ እንዲህ ያለ ሳሙና የሚሸጥበት ሱቅ አላውቅም። የኔዎቹ የመጡት ውጭ በሚኖሩ ዘመዶች ሻንጣ ነው፣ ከአንዱ በስተቀር።

በዊሊያምስ ልጀምር። ጄምስ ዊሊያምስ የሚባል ሰው በ1840 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኮነቲከት ውስጥ የጀመረው ሥራ ነው። በወረቀት ካርቶን የሚመጣ ክብ ሳሙና ነው፤ ኩባያ ውስጥ ታስቀምጠዋለህ፣ በብሩሽ ታሸዋለህ፣ በቃ። ጌጥ የለውም። እኔ ያገኘሁት ደርቆ እንደ ግንቦት ማሳ ተሰነጣጥቆ ነበር፣ ባለቤቴ ጠመኔ መስሏት ለልጁ ልትሰጠው ነበር። ማታ ሁለት ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ አፈሰስኩበት። ጠዋት ፊቱ አብጦ፣ የቅቤ ዓይነት ወዝ አውጥቶ ጠበቀኝ። ብሩሹን አንድ ደቂቃ ያህል ሳዞር መጀመሪያ ትልልቅ አረፋ ወጣ፣ ያ ዋጋ የለውም፣ ትንሽ ውሃ ጨምሬ ስቀጥል ግን አረፋው ደቀቀ፣ ነጣ፣ ብሩሹ ላይ እንደ እርጎ ቆመ። ምላጩ ሳይጎትት ሄደ። ሽታው ግን ጠፍቷል። በሎሚ የተሠራ ሽታ ከሁሉም ቀድሞ ነው የሚተነው።

አሮጌውን ዊሊያምስ የምመርጥበት ምክንያት ሞራው ነው። የዱሮዎቹ በብዛት ከእንስሳት ሞራ ነው የሚሠሩት፣ አረፋው የሚወፍረውና የሚያንሸራትተውም ከዚያ የተነሳ ነው። የኋላ ኋላ አሠራሩ ተቀያይሯል፤ በአዲሱ የሚያማርሩት ብዙ ናቸው። «የገላ ሳሙና ምን አነሰው?» ለሚል፦ የገላ ሳሙና በካስቲክ ሶዳ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ጠንካራ ነው፣ አረፋውም ፊትህ ላይ ቶሎ ይሞታል። የጺሙ ውስጥ ፖታሽ (ለስላሳ ሳሙና የሚያወጣ የሶዳ ዘመድ) ስለሚገባበት ቶሎ ይሟሟል፣ ውሃም ይዞ ይቆያል። (ሞራ ሲባል የምን እንስሳ ነው የሚል ጥያቄ ካለህ ካርቶኑ ብዙ ጊዜ አይነግርህም። የሚያሳስብህ ከሆነ በአትክልት ዘይት የተሠራ ፈልግ።)

ወደ ኦልድ ስፓይስ ስንመጣ ሰው የሚከፍለው ለኩባያው ነው። ሹልተን የሚባል ኩባንያ ለወንዶች ያወጣው በ1938 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኩባያው ላይ የመርከብ ሥዕል አለ። የኔን ኩባያ ያገኘሁት ከቁራሌ ነው፣ ከአሮጌ ብረት ድስትና ከተሰበረ ጀበና መሃል። ሳሙና አልነበረውም፣ እስክሪብቶ ሲቀመጥበት የኖረ ነው። ሳሙናውን በኋላ ለብቻው ገዛሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አረፋው ከዊሊያምሱ ይሳሳል። ሽታው ግን ጉድ ነው። ቀረፋና ቅርንፉድ፣ ልክ የሻይ ቅመም። እነዚህ ቶሎ ስለማይተኑ ስንት ዘመን ተቀምጦም ካርቶኑ ሲከፈት ክፍሉን ይሞላዋል። ለመደርደሪያ ከሆነ እሱን ግዛ። ለፊት ከሆነ ገንዘብህን አስብበት።

ታባክ የጀርመን ነው፣ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ክብ ሳሙና በሳህን ውስጥ። ሞራ ያለው የዱሮው ታባክ እኔ ከሞከርኳቸው ሁሉ አረፋው የሚበልጥ ነው፣ እዚህ ላይ አልከራከርም። ግን ሽታው የአጎትህ ኮት ዓይነት ነው፣ ወይ ትወደዋለህ ወይ አትደርስበትም። በቅርብ ዓመታት ሞራውን አውጥተውታል፣ ስለዚህ «ታባክ አለኝ» የሚል ሻጭ ስታገኝ የቱ እንደሆነ ጠይቅ።

ቼላ የሚላኖ ነው፣ 1899 እ.ኤ.አ.። ለስላሳ ነው፣ በጣት ይጫናል፣ የአልመንድ ሽታ አለው። ዛሬም እየተሠራ ስለሆነ አሮጌውን የምትፈልግበት ምክንያት የለም፣ አዲሱን ግዛ። መላጨት ብቻ ከሆነ ሐሳብህ ይሄ ይበቃሃል፣ የቀረውን ማንበብ አያስፈልግህም።

ዕድሜ ማወቂያው ከሳሙናው ይልቅ ካርቶኑ ላይ ነው። ባርኮድ ካለው ከ1974 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። የአሜሪካ ከሆነ አድራሻው ሥር ባለ አምስት አሃዝ የፖስታ ቁጥር ፈልግ፤ ያ የተጀመረው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ ካለ ከዚያ አይቀድምም። የጀርመኑ ላይ «ምዕራብ ጀርመን» ተብሎ ከተጻፈ ከ1990 እ.ኤ.አ. በፊት የታተመ ነው። አንድ ሻጭ «የ1950ዎቹ ነው» ብሎ የሸጠልኝ ዊሊያምስ ጀርባው ላይ ባርኮድ ነበረው። ካርቶኑን ፊት ለፊት ብቻ ነበር ፎቶ ያነሳልኝ፣ እኔም የጀርባውን አልጠየቅሁም።

ስለ ውሃ። ማዕድን የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ሰፈርህ ያለው፣ የቱንም ብትገዛ አረፋው ይቆረጣል፣ ሳህኑ ጠርዝ ላይም ነጭ ዝቃጭ ይቀራል። እኔ ክረምት ላይ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ የዝናብ ውሃ በጀሪካን አስቀምጣለሁ። በዚያው ሳሙና፣ በዚያው ብሩሽ፣ ልዩነቱ አፍ ያስከፍታል። ሳሙናው መጥፎ ነው ብለህ ከመጣልህ በፊት ይሄን ሞክር።

አቀማመጥ ላይ ግን ከኔ ስህተት ተማሩ። የጣና እርጥበት የማይበላው ነገር የለም፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፤ ቆርቆሮ ክዳን ይዝጋል፣ ካርቶን ይሻግታል። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ ሦስት ሳሙና ከነካርቶናቸው የጋቢ ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። ሳጥኑ ውስጥ ብል የሚያባርር ካንፉር ነበር። ሳሙና ሽታ ይጠጣል። አንዱ ያ የሻይ ቅመሙ ኦልድ ስፓይስ ነበር፣ ዛሬ ካንፉር ካንፉር ነው የሚለው፣ ሁለት ዓመት አየር ላይ አስቀምጬው አልለቀቀውም። በደረቅ ወረቀት ጠቅልላችሁ፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ፣ ከመታጠቢያ ቤት ውጭ።

ጸጉር አስተካካዬ ያልተከፈተውን ዊሊያምስ ሽጥልኝ እያለ ይጨቀጭቀኛል። በሱቁ ውሃ ሞክረን አረፋው ከቆመ እሰጠዋለሁ ብዬዋለሁ፣ ውሃው የጉድጓድ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።