በረኪና ለንግድ ህንፃ፦ የት ይበጃል፣ የት ያበላሻል

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በእንጅባራ፣ ለንግድ ህንፃ ጽዳት መጀመሪያ የሚገዛው በረኪና ነው። ርካሽ ነው፣ የትም ሱቅ ይገኛል፣ በወጉ ከተያዘም ጀርም በመግደል ከውድ ማጽጃ አያንስም። ችግሩ ያለው አጠቃቀሙ ላይ ነው። በጠዋት ወለሉ ላይ ይፈስና ህንፃው ይሸታል፤ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚጨብጠው የደረጃ መደገፊያ፣ የበር እጀታ፣ የሊፍት ቁልፍና የቧንቧ መክፈቻ ግን እንዳደረ ይውላል። ስለዚህ እዚህ የምንመዝነው ብዙ እጅ በሚያርፍባቸው ቦታዎች ላይ ያለውን ጥቅም ብቻ ነው።

ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጥ። ለሽንት ቤት፣ ለሴራሚክ፣ ለእጅ መታጠቢያ ገንዳና ለፕላስቲክ ወንበር አምስት ኮከብ ይገባዋል። ለብረትና ለአሉሚኒየም እጀታ ሦስት፣ ያውም በንጹህ ውሃ ከተለቀለቀ። ለሊፍት ቁልፍ፣ ለማብሪያ ማጥፊያ፣ ለፖስ (የካርድ መክፈያ) ማሽንና ለኤቲኤም አንድም አንሰጠውም።

ልኬቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቤት በረኪና ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ ማለትም ጀርም የሚገድለው ክሎሪን ያለበት ንጥረ ነገር፣ አለው፤ ቁጥሩ ጠርሙሱ ላይ ይጻፋል። ለእጀታና ለጠረጴዛ የሚበቃው 0.1 በመቶ ነው። 5 በመቶ ከሆነ በ1 ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር፣ በ10 ሊትር ባልዲ 200 ሚሊ ሊትር ይገባል። 4 በመቶ ከሆነ 25 እና 250 ይሆናል። ደም፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ የነካው ቦታ ግን 0.5 በመቶ ይፈልጋል፤ ይህም ባለ 5 በመቶው አንድ እጅ ከውሃ ዘጠኝ እጅ ጋር ማለት ነው። በክዳን ወይም በዓይን ግምት ማንቆርቆሩ ይቅር። ከፋርማሲ የሚገዛ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ዋጋው ኢምንት ነው፣ ልኬቱም አይዋሽም። ባልዲው ላይ 10 ሊትር የሚደርስበትን ቦታ በማይለቅ ቀለም ማስመር ነው። ማወፈር ለጽዳት የሚጨምረው ነገር የለም፤ የሠራተኛውን ጉሮሮና እጅ ያቃጥላል፣ ብረቱን ይበላል፣ ሲደርቅም ነጭ ዝቃጭ ይተዋል።

ሁለተኛው ስህተት ሳያጥቡ በረኪና መቀባት ነው። ክሎሪን ቆሻሻ ሲያገኝ ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል፤ ለጀርሙ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ምግብ ቤት ውስጥ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። ወጥ የነካ እጅ የቧንቧውን መክፈቻ፣ የማቀዝቀዣውን እጀታና የሜኑውን ሽፋን በቅባት ይሸፍነዋል፤ በረኪና ደግሞ ቅባት አያነሳም። ቅባት የሚያነሳው ሳሙና ነው። ሥራው በሁለት ባልዲና በሁለት ጨርቅ ይከናወናል፦ መጀመሪያ በላርጎ ወይም በዱቄት ሳሙና ውሃ ማሸት፣ በንጹህ ውሃ ማንሳት፣ ከዚያ በተበጠበጠው በረኪና ማርጠብ። ከረጠበ በኋላ ቢያንስ 1 ደቂቃ፣ ሽንት ቤት ላይ 10 ደቂቃ ሳይደርቅ መቆየት አለበት። ወዲያው የተጠረገ በረኪና ሥራውን አልሠራም። የባሕር ዳር የበጋ ሙቀት ቶሎ ስለሚያደርቀው እዚያ ጨርቁ በደንብ መርጠብ ይኖርበታል፤ የደብረ ማርቆስ ቅዝቃዜ በዚህ በኩል ያግዛል።

ቅዝቃዜው በሌላ በኩል ያሳስታል። ጠዋት እጅ ሲቆረጥም ውሃ አሙቆ በረኪናውን እዚያ ውስጥ መጨመር የተለመደ ነው። ሙቅ ውሃ ክሎሪኑን ይበትነዋል፣ ጭሱንም ያበዛዋል። ሙቁ ለሳሙናው ይሁን፣ በረኪናው ሁልጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጥበጥ። ክረምት ላይ ደግሞ ቧንቧው ደፍርሶ የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ ድፍርስ ውሃ ክሎሪኑን እንደ ቆሻሻ ይጨርሰዋልና በሮቶ ወይም በጀሪካን አሳድሮ ከላይ የጠለለውን መቅዳት ነው።

ጨርቁ ከፈሳሹ ያላነሰ ጉዳይ ነው። አራት ቦታ የታጠፈ ጨርቅ ስምንት ንጹህ ገጽ ይሰጣል። አንዱ ገጽ ጥቂት እጀታ ከጠረገ በኋላ ይገለበጣል፤ ስምንቱ ሲያልቁ ጨርቁ ለእጥበት ይቀመጣል እንጂ ወደ በረኪናው ባልዲ ተመልሶ አይነከርም። ተመልሶ ከተነከረ ባልዲው የሁሉንም ፎቅ እጅ ቆሻሻ ያዳርሳል። የሽንት ቤት ጨርቅ ቀለሙ የተለየ ይሁን፣ ለምሳሌ ቀይ፤ ከዚያም አይውጣ። ቅደም ተከተሉ ከንጹህ ወደ ቆሻሻ ነው፦ ቢሮ፣ ኮሪደር፣ ደረጃ፣ መጨረሻ ላይ ሽንት ቤት። ሽንት ቤት ውስጥም የበሩ እጀታና መቀርቀሪያው፣ ከዚያ ቧንቧው፣ በስተመጨረሻ የውሃ መልቀቂያውና መቀመጫው። የቧንቧ መክፈቻ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል፤ ሰው ሳይታጠብ ይከፍተዋል፣ ታጥቦ ደግሞ ያንኑ ይዘጋዋል።

አሁን ወደማይሆንበት ቦታ። በረኪና አሉሚኒየምን ያጠቁራል፣ የማይዝግ የሚባለውን ብረት ሳይቀር ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይበሳዋል። እንዲህ የተበሳ እጀታ ቆሻሻ ስለሚይዝ ከበፊቱ ይልቅ ለማጽዳት ያስቸግራል። መፍትሔው በረኪናው የሚቆይበት 1 ደቂቃ ሲሞላ በንጹህ ውሃ ጠርጎ ማድረቅ ነው። ኤሌክትሪክ ላለበት ሁሉ 70 በመቶ አልኮል ይሻላል። 96 በመቶ ከተገኘ 730 ሚሊ ሊትሩን ወስዶ በውሃ 1 ሊትር መሙላት ነው፤ ውሃው ስላለበት ባለ 70ው ከንጹሁ የተሻለ ይገድላል። የሚረጨው ጨርቁ ላይ ነው፤ በቀጥታ ቁልፉ ወይም ማሽኑ ላይ ከተረጨ በስንጥቁ ገብቶ ያበላሻል። አልኮል እሳት ይይዛል፤ ብዙ ህንፃ መግቢያ ላይ ቡና ስለሚፈላ ከከሰሉ አጠገብ አይከፈት፣ ጄኔሬተር ክፍልም አይቀመጥ። ማርቆስ አረቄ ይተካዋል የሚል ካለ አይተካውም፤ ዳግም የተነጠረውም ቢሆን ለዚህ ሥራ ዝቅተኛው ከሆነው 60 በመቶ በታች ነው። አልኮል ራሱ ትውከትና ተቅማጥ በሚያመጣው ኖሮቫይረስ ላይ ደካማ ስለሆነ ሽንት ቤቱን ለበረኪና መተው ይሻላል።

ጭስ እያደረጉ ወይም በጀርባ ማሽን ክፍሉን መርጨት ከ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወቅት የተረፈ ልማድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ባወጣው መመሪያ ቤት ውስጥ በዘልማድ መርጨትን አልመከረም፤ ቆሻሻ ላይ ያረፈ ርጭት አይሠራም፣ የሚተነፍሰውን ሰውም ይጎዳል። ለዚህ የሚወጣውን ገንዘብ ለጨርቅና ለጓንት ማዋል ይሻላል።

አንድ ነገር በምንም ሁኔታ አይደረግ፦ በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ፣ ከኮምጣጤ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር መቀላቀል። ከአሲድ ጋር ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ሰው ይጥላል። አሲድ የፈሰሰበት ቦታ በብዙ ውሃ ሳይታጠብ በረኪና አይንካው።

ስንት ጊዜ ይጠረግ ለሚለው፣ ባንክ ወይም ሱቅ ያለበት ህንፃ ከመከፈቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከምሳ በኋላ አንድ ጊዜ ዝቅተኛው ነው። መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ ይቆምና ሰው ሁሉ ወደ ደረጃ ይዞራል፤ ያን ቀን የደረጃው መደገፊያ አንድ ዙር ይጨመርለት። የገበያ ቀንም እንዲሁ። ባንክ መስኮት ላይ በገመድ የታሰረው እስክሪብቶ ሁልጊዜ ይረሳል።

ግዢ ላይ፣ በረኪና ፀሐይና ሙቀት ያደክሙታል። ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን መተው፣ የተመረተበት ቀን የተጻፈበትን፣ ብርሃን በማያሳልፍ ጠርሙስ ያለውንና 6 ወር ያልሞላውን መምረጥ ነው። በሃይላንድ ተቀድቶ ያለ ምልክት የሚሸጠው ጥንካሬው አይታወቅም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ውሃ ነው ብሎ የሚጠጣው ሰው ይኖራል። የተበጠበጠው በማግስቱ ስለሚደክም በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ። በቀን አንድ ባለ 10 ሊትር ባልዲ የሚበጠብጥ ህንፃ በ26 የሥራ ቀን ባለ 5 በመቶውን 5.2 ሊትር ይጨርሳል፤ ስለዚህ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በወር አንድ ገደማ መግዛት እንጂ የዓመቱን አከማችቶ ማድከም አያስፈልግም። ከከተማ ራቅ ላለ ህንፃ ዱቄቱ ክሎሪን፣ ባለ 65 ወይም 70 በመቶው፣ ደረቅና ጥላ ቦታ ከተቀመጠ ብዙ ይቆያል፤ ለ10 ሊትር 15 ግራም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ገደማ፣ በጥብጦ ዝቃጩ ሲረጋ ከላይ ያለውን መጠቀም ነው።