መስመሩ ተጣሞ የታተመ ባለ መስመር የጥጥ ጨርቅ፣ ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ይሄን የምጽፈው ኩዊልት፣ ማለት ቁርጥራጭ ጨርቅ እየተገጣጠመ የሚሰፋ ብርድ ልብስ፣ ለምትሰሩ ወይ ለመጀመር ላሰባችሁ ነው። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው፣ አሁን የያዝኩት ኩዊልት ለእህቴ ልጅ ነው፣ እህቴ ስንት አመት ለምና ያገኘችው ልጅ ስለሆነ እያንዳንዷ ቁራጭ እንድታምር ነው የምፈልገው። ለሱ ብዬ ነጭና ሰማያዊ ባለ መስመር ጨርቅ ኦንላይን አዘዝኩ፣ መቶ ፐርሰንት ጥጥ፣ ወርዱ 44 ኢንች፣ መስመሮቹ እያንዳንዳቸው ግማሽ ኢንች ሆነው ከዳር እስከ ዳር በአግድም የሚሄዱ። በያርድ 12 ዶላር ሂሳብ 5 ያርድ ወሰድኩ። የሱቁን ስም መጥራት አልፈልግም፣ ስለ ጨርቁ ነው ማውራት የምፈልገው።

ጨርቁ በእጅ ሲነካ ደስ ይላል፣ ለስላሳ ነው ግን ስስ አይደለም፣ ለብ ባለ ውሃ ከነጭ ጨርቅ ጋር ዘፍዝፌው ሰማያዊው ምንም አልለቀቀም፣ ካውያ ሲያርፍበትም ወዲያው ቀጥ ይላል። ለህጻን ለሚሆን ነገር ይሄ ቀላል አይደለም።

ችግሩ የመጣው ልቆርጥ ስል ነው። እንደተለመደው ለሁለት አጥፌ ዳርና ዳሩን ገጥሜ መቁረጫ ምንጣፉ ላይ ዘርግቼ ማስመሪያውን ሳስቀምጥ መስመሩ ከማስመሪያው ጋር አልሄድ አለኝ። አስተጣጠፌ ነው ብዬ ሶስት ጊዜ ፈትቼ አጠፍኩት፣ ያው ነው። በኋላ ኮርስ ስወስድ አስተማሪያችን ያሳየችን ትዝ አለኝና ዳሩን በመቀስ ነካ አድርጌ በእጄ ቀደድኩት። እንዲህ አይነት የጥጥ ጨርቅ በአግድም ሲቀደድ ማጉን፣ ማለት በአግድም የተሸመነውን ክር፣ ተከትሎ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ የትኛው ቀጥ እንደሆነ በግልጽ ያሳያችኋል። በግራ ዳር ስጀምር ልክ የሰማያዊው መስመር ጠርዝ ላይ ነበርኩ፣ ቀኝ ዳር ስደርስ አንድ ሰማያዊና አንድ ነጭ አቋርጬ ሌላ ሰማያዊ ጠርዝ ላይ ደርሻለሁ። ሙሉ አንድ ኢንች! ማጉ ቀጥ ብሎ ነው የተቀመጠው፣ ህትመቱ ነው ተጣሞ ያረፈበት። ጨርቁ ብቻ ቢሆን የተንሻፈፈው በሰያፍ ጎተት ጎተት አድርጎ ማቃናት ይቻል ነበር፣ ይሄኛው ግን መስመሩን ስታቃኑት ክሩ ይጣመማል፣ ክሩን ስታቃኑት መስመሩ።

በ44 ኢንች ውስጥ አንድ ኢንች ምን አላት የምትሉ ትኖራላችሁ። የምሰራው ሎግ ካቢን ነው፣ በመሃል ካሬ ዙሪያ ቀጫጭን ቁራጮች እየተሰፉ ብሎክ የሚባል ትልቅ ካሬ የሚወጣበት ንድፍ፣ 12 ኢንች የሆነው ረጅሙ ቁራጭ ላይ ሩብ ኢንች ያህል ይሸሻል፣ የመስመሩ ስፋት ግማሽ ኢንች ስለሆነ በአንዱ ጫፍ ሙሉ ሆኖ የጀመረው ሰማያዊ ሌላኛው ጫፍ ላይ ግማሹን ስፌት ይበላዋል። ከሩቅ ሲታይ ብሎኩ በሙሉ ያዘነበለ ይመስላል። የአላባማዎቹን የጊስ ቤንድ ሴቶች ኩዊልት በጣም ነው የምወደው፣ በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ ሁሉ ወጥቷል፣ እነሱ መስመሩን ሲያጣምሙት አስበውበት ነው ያን ውበት ያመጡት፣ የኔ ግን ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ያሰብኩት ስራ ነው።

እና ምን አደረግኩ፣ አጥፎ መቁረጡን ተውኩት። ምክንያቱም ሲታጠፍ ላይኛው መስመር ወደ አንድ በኩል ታችኛው ወደ ሌላ በኩል ነው የሚያዘነብለው፣ የላይኛውን ተከትላችሁ ከቆረጣችሁ የታችኛው በእጥፍ ይበላሻል። ጨርቅ ቀጥ አድርጎ በሚያደርቀው ስታርች አድርቄ ተኮስኩት፣ ከዛ ሳላጥፈው ዘርግቼ ማስመሪያውን ከክሩ ሳይሆን ከታተመው መስመር ጋር እያገጠምኩ 2 ኢንች ተኩል ስፋት እያደረግኩ ቆረጥኩ። ጊዜ ይበላል፣ አንድ ማታ ይፈጃል ያልኩት ሶስት ማታ ወሰደብኝ። ለአጫጭር ቁራጭ ይሄ ይሰራል፣ ክሩ ትንሽ ሰያፍ ቢሆንም ስታርቹ ይይዘዋል። ለዙሪያው ሰፊ ጠርዝ ግን እንዳትሞክሩት፣ ረጅም ቁራጭ ከክሩ ውጪ ሲቆረጥ እየተለጠጠ ዳሩ ይሞገዳል፣ እኔ ለሱ ባለ አንድ ቀለም ጨርቅ ተጠቀምኩ። የተረፈውን በ45 ዲግሪ ሰያፍ ቆርጬ ለመጨረሻው መቀምቀሚያ አደረግኩት፣ እዛ ላይ ጥመቱ ጭራሽ አይታወቅም፣ መስመሩ እየተጠማዘዘ ሲዞር እንዴት እንደሚያምር!

ሱቁ ጋ ፎቶ አንስቼ ላኩላቸው፣ አንዴ የተቆረጠ ጨርቅ አንመልስም አሉኝ። ይሄ ነው በጣም ያናደደኝ፣ ምክንያቱም ጥመቱ እኮ ሳይዘረጋና ሳይለካ አይታይም፣ እነሱ ግን ከጥቅሉ ላይ ሲቆርጡልኝ መስመሩ ከማስመሪያቸው ጋር እንደማይሄድ ማየት ይችሉ ነበር። ቢያንስ ይጽፉታ፣ ዋጋውንም ይቀንሱታ።

ባለ መስመር የምትፈልጉ ከሆነ ክሩ ተነክሮ የተሸመነውን ፈልጉ፣ ያርን ዳይድ ይሉታል። ጀርባውን ገልብጣችሁ እዩት፣ የታተመ ከሆነ ከጀርባው ፈዘዝ ይላል፣ የተሸመነ ከሆነ ግን በሁለቱም በኩል ቀለሙ እኩል ነው። እኔ ሽሮ ሜዳ ነው ያደግኩት፣ ሸማኔ የነጠላ ጥለት ሲያስገባ አይቻለሁ፣ ጥለቱ ራሱ ማግ ስለሆነ ከክሩ ተለይቶ ብቻውን አይጣመምም። የተሸመነ መስመር ማለት እንደሱ ነው፣ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ለመስመር ስራ እሱን ነው መግዛት።

ሶስት ኮከብ የሰጠሁት ለጥጡና ለቀለሙ ነው፣ ሁለቱን የቀነስኩት ለህትመቱና ለመልሳቸው። ባለ መስመሩን ሁለተኛ አላዝም፣ የዛኑ ጨርቅ ባለ አንድ ቀለሙን ግን ትናንት 2 ያርድ አዝዣለሁ።