ኢንቨርተር በጋዝ ኮምፕሬሰር ላይ፦ ከጥምቀት እስከ ክረምት ተጠቅመንበት ያየሁት

ጎንደር ባለችው ትንሿ ቢራ መጥመቂያችን ከማፍሊያ ታንኮቹ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰብስበን፣ በውሃ አጥበን፣ ጨምቀን ፈሳሽ እናደርገውና መልሰን ለቢራው እንጠቀምበታለን። ከጥምቀት በፊት ጋዙን በሚጨምቀው ኮምፕሬሰር ላይ ኢንቨርተር፣ ማለትም የሞተሩን ፍጥነት እንደ ሥራው ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ አስገባን፣ አሁን ክረምት ገብቷል፣ እና በደንብ ስላየሁት ልንገራችሁ።

በጥምቀት ሰሞን ታንኩ ሁሉ ስለሚፈላ ኮምፕሬሰሩ ሙሉ ፍጥነት ላይ ነው፣ ያኔ ኢንቨርተሩ ምንም አያተርፍም፣ እንደውም ራሱ ትንሽ መብራት ይበላል። ሁዳዴ ሲገባ ግን የሚፈላው አንድ ሁለት ታንክ ብቻ ነው፣ ድሮ ጋዙ ከመጨመቁ በፊት የሚጠራቀምበት ፊኛ ሲሞላ ኮምፕሬሰሩ ይነሳል፣ ሲሟሽሽ ይቆማል፣ በተነሳ ቁጥር የግቢው መብራት ድንግዝ ይል ነበር። አሁን ፊኛው ግማሽ ላይ እንደተነፋ ይቆያል፣ ኮምፕሬሰሩም በዝግታ ይከተለዋል፣ ቆጣሪው ላይ ልዩነቱ የታየው በጾሙ ነው። ብቻ ፒስተን ኮምፕሬሰር ያላችሁ በጣም ዝቅ አታርጉት፣ ዘይት በደንብ አይደርሰውም።

በጣም ያናደደኝ ሻጩ ስለ ከፍታ አንድም ቃል አለመተንፈሱ ነው። ኢንቨርተር ብዙውን ጊዜ ሙሉ አቅሙን የሚሰጠው እስከ 1000 ሜትር ነው፣ ከዛ በላይ በየ100 ሜትሩ 1 ፐርሰንት ገደማ ይቀንሳል፣ ጎንደር ደግሞ ከ2100 ሜትር በላይ ናት፣ የሳሳ አየር እንደቆላ አየር አያቀዘቅዝም። ስለዚህ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ግዙ። የማራገቢያውን ፊልተርም በበጋ ቶሎ ቶሎ አራግፉ፣ አቧራው አይቻልም።

ግን እኮ ጋዙን ፈሳሽ የሚያደርገው ማቀዝቀዣ ጋም ትልቅ ወጪ አለ። ንጹህ ጋዝ በ17 ባር ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ አየር ከተቀላቀለበት ግን ከዛም በታች መውረድ ያስፈልጋል፣ ማቀዝቀዣው በከንቱ ይለፋል፣ ስለዚህ ታንኩ መፍላት ሲጀምር የሚወጣውን የመጀመሪያ ጋዝ አትሰብስቡ፣ ልቀቁት። ሌላው ደግሞ ፈሳሹን መልሰን ጋዝ ስናደርገው በኪሎ ወደ 290 ኪሎጁል ሙቀት ይስባል፣ ይሄን ብዙ ቦታ በእንፋሎት ነው የሚሰጡት፣ ለማቀዝቀዝ ከፍለው እንደገና ለማሞቅ ይከፍላሉ ማለት ነው። እኛ በሙቀት መለዋወጫ አድርገን ሙቀቱን ታንኮቹን ከሚያቀዘቅዘው ግላይኮል (ቶሎ እንዳይረጋ ውሃ ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ) እንዲወስድ አደረግነው፣ ግላይኮሉን የሚያቀዘቅዘው ቺለር አሁን እረፍት እያገኘ ነው የሚሰራው። ውሃው ውስጥ ያለውን የግላይኮል መጠን ግን ለክታችሁ ጨምሩ፣ አለበለዚያ ቱቦው ውስጥ ይረጋል።

ምርታችሁ በጾም የሚወርድ ከሆነ ኢንቨርተሩን ያለ ስጋት ግዙት። አመቱን ሙሉ ታንካችሁ የማያርፍ ከሆነ ግን ብሩን መጀመሪያ ሙቀት መለዋወጫው ላይ አውሉት።