ፎቁ ወይስ ግቢው? ማንበብ ለሚከብደው ልጅ ባሕር ዳር ላይ ኮሌጅ ስንመርጥ

ታናሽ ወንድሜ የሰማውን አይረሳም። ፊዚክስ አንብቤለት ጥያቄ ብጠይቀው መልሱን ከእኔ ቀድሞ ያገኘዋል። ያንኑ ገጽ ራሱ እንዲያነበው ስሰጠው ግን ሦስተኛው መስመር ላይ ሳይደርስ ላብ ያጠምቀዋል። «ተ»ን «ቸ» ይላል፣ መስመር ይዘላል፣ በመጨረሻ «እስቲ አንቺ አንብቢልኝ» ብሎ ወረቀቱን ይመልስልኛል። አማርኛው እንዲህ ከሆነ እንግሊዝኛውን አስቡት። ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምረናል፣ ደህና ነው። ለዓመታት «ሰነፍ» ሲባል ኖሮ ዲስሌክሲያ፣ ማለትም የንባብ እክል፣ የሚለውን ስም የሰማነው ዘግይተን ነው።

ኮሌጅ የሚገባበት ጊዜ ሲደርስ ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ «ትንሽ ኮሌጅ ይሻለዋል፣ እዚያ ይታያል» አለ። ነሐሴ ሙሉ በባጃጅ ስንዞር ከርመን በመጨረሻ ሁለት ቀሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ አስተማሪም ዲንም በየዓመቱ ይለዋወጣል፣ ደግሞም ሁለቱን የሚመስል ሌላም ከተማው ውስጥ አይጠፋም። አንዱን ፎቁ፣ ሌላውን ግቢው እንበላቸው።

ፎቁ መሃል ከተማ ነው። ከታች ባንክና ኬክ ቤት አለ፤ ኮሌጁ ሦስተኛና አራተኛውን ፎቅ ተከራይቷል። አንድ ክፍል ውስጥ ከ30 ተማሪ አይበልጥም። ሬጅስትራሯ ፈገግተኛ፣ ኮምፒውተሮቹ አዲስ፣ የክሬዲት አወር ክፍያውም ከግቢው ረከስ ያለ ነው። ግቢው ወደ ሽምብጥ ነው፤ የማንጎ ዛፍ ያለበት፣ ምድር ላይ የተሠራ አሮጌ ቤት። ክፍሎቹ 45 ተማሪ ይይዛሉ፣ የትምህርት ዘርፉ ጥቂት ነው፣ ኮምፒውተሩ ለሁለት ለሦስት ይደርሳል። በወረቀት ካወዳደርን ፎቁ አሸነፈ።

«ድጋፍ አላችሁ ወይ?» ብለን ስንጠይቅ ሁለቱም «አለን» አሉ። ይህን ጥያቄ እርስዎም ባይጠይቁት ይሻላል፣ «የለንም» የሚል ስለማይገኝ። እኛ ሁለተኛ ስንሄድ ጥያቄውን ቀየርነው፦ ባለፈው ሴሚስተር ተጨማሪ ሰዓት ተሰጥቶት የተፈተነ ተማሪ ነበር? የት ክፍል ተቀመጠ? ጥያቄውን ማን አነበበለት?

የፎቁ ዲን «እኛ ሁሉንም ተማሪ እኩል ነው የምናየው» አሉን። ቅን ሰው ናቸው፣ ከልባቸው ነው። ግን እኩል ማለታቸው ለሁሉም እኩል አንድ ሰዓት ማለት ነው። ቱቶሪያል የሚሉትም ቅዳሜ ጠዋት ያንኑ ሃንድአውት እንደገና ማንበብ ነው። ሃንድአውቱ ደግሞ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ፤ ጤነኛ ዓይንም ያለቅሳል። ፈተና የሚሰጥበት ክፍል መስኮቱ ወደ ዋናው መንገድ ስለሆነ የባጃጁ ጥሩምባ አብሮ ይፈተናል።

ግቢው ውስጥ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ያጠኑ አንዲት መምህርት አሉ። ወንድሜን «ምን ያስቸግርሃል?» ብለው የጠየቁት እሱን ነው፤ እኔን አልነበረም። ለአንድ ሰዓት ፈተና ግማሽ ሰዓት እንደሚጨምሩ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለች ትንሽ ክፍል ለብቻው እንደሚያስቀምጡት፣ ጥያቄውን ድምፅ አውጥተው እንደሚያነቡለት ነገሩን። ሃንድአውት በቴሌግራም ይላካል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ለእኛ ግን ሚዛኑን የደፋው እሱ ነው፤ የተተየበ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስልኩ ጮክ ብሎ ያነብለታል፣ እሱም ጆሮው ላይ ሰክቶ ሐይቁ ዳር እየተራመደ ያጠናል። በካሜራ ተነሥቶ የተላከ ገጽ ግን ሥዕል ነውና አብዛኛው የስልክ አንባቢ አያነበውም። ስለዚህ «በሶፍት ኮፒ እንሰጣለን» ሲሏችሁ አንዱን እዚያው አስከፍቱና በጣታችሁ ቃሉን ለመምረጥ ሞክሩ። ካልተመረጠ ፎቶ ነው።

የግቢው ድክመት ሁሉም ነገር በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ መሆኑ ነው። እሳቸው ሥራ ቢለቁስ? ስለዚህ ቃላቸውን በደብዳቤ እንዲሰጡን ጠየቅን። ዲኑ ትንሽ አንገራገሩ። የጠየቅነው ግን አዲስ ነገር አይደለም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 650/2001 አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች እንደ አስፈላጊነቱና እንደ አቅም ቱቶሪያል፣ የፈተና ሰዓትና የሥራ ማስረከቢያ ጊዜ ጭማሪ እንዲያገኙ ደንግጎ ነበር፤ በ2011 በአዋጅ 1152 ተተክቷል። ችግሩ ለብዙ ኮሌጅ አካል ጉዳት ሲባል የሚታየው ዊልቸርና ነጭ በትር ብቻ መሆኑ ነው። የንባብ እክል አይታይም፣ ማስረዳቱ የቤተሰብ ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ክፍያውን በተመለከተ የፎቁ ርካሽነት አያታልላችሁ። የወደቀ ኮርስ በድጋሚ ሲወሰድ በድጋሚ ይከፈላል፤ በሁለት ኮርስ ልዩነቱ ያልቃል።

ሁለቱም ጋ አንድ ዓይነት የሆነ ነገር አለ፦ የመውጫ ፈተናው። ከ2015 ጀምሮ የዲግሪ ተማሪ ሁሉ፣ የግልም የመንግሥትም፣ ይወስደዋል፤ በኮምፒውተር ነው፣ ማለፊያው 50 ከመቶ። ኮሌጁ አራት ዓመት ቢያነብለትም የመጨረሻውን ፈተና የሚያወጣው ኮሌጁ አይደለም። ግቢው ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ በስክሪን ላይ ያለማምዳል፤ ፎቁ ያሰበበት አይመስልም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅናንም ለዚያው ዘርፍና ለዚያው ካምፓስ መሆኑን አይታችሁ ተመዝገቡ፤ የሌላ ቅርንጫፍ ዕውቅና ግድግዳ ላይ የሚሰቅል አይጠፋም።

ዲግሪው ግዴታ ካልሆነ ሦስተኛ በር አለ፦ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ። ሥልጠናው ወደ ተግባር ያደላል፣ ብቃት ምዘናውም ሠርተህ አሳይ ይላል። እጁ ለሚሠራ፣ ዓይኑ ፊደል ላይ ለሚደክም ልጅ ከሁለቱም ሊበልጥ ይችላል። እኔ በግሌ ወደዚያ አዘንብዬ ነበር፤ እናታችን «ጎረቤት ምን ይላል» አለች፣ እሱም አካውንቲንግ አለ። ቁጥር አይምታታበትም፣ እውነቱን ነው። ፔዳ፣ ማለትም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል አለው፣ ግን ትልቅ ግቢ ነው፤ እሱ ደግሞ ሕዝብ ይፈራል።

ግቢውን መረጥን። ከመመዝገቡ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ክፍል ገብቶ እንዲቀመጥ ለምነን ፈቀዱልን፤ ማታ ሲመለስ ያወራው ስለ ትምህርቱ ሳይሆን ስለ ማንጎው ነበር። ደብዳቤው ወጪ ቁጥርና ማኅተም ኖሮት እጃችን ገብቷል። ሚድ፣ ማለትም የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና፣ ኅዳር መጨረሻ ነው።