ከአይጥ ለገላገሉን አናጺ የቀረበ ምስጋና

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለው የእናቴ ቤት ከጭቃ የተሠራ፣ የቆርቆሮ ክዳንና የቺፑድ ኮርኒስ ያለው አሮጌ ቤት ሲሆን፣ ያለፈው ክረምት ከገባ ጀምሮ አይጦች ኮርኒሱ ውስጥ ሲራወጡ ስለሚያድሩ እናቴ እንቅልፍ አጥታ ከርማለች። መጀመሪያ የጠራነው ተባይ አጥፊ ድርጅት መርዝ በትኖ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ድምፁ ለጥቂት ቀናት ጋብ ቢልም፣ ኮርኒሱ ውስጥ የሞቱት አይጦች ሽታ ቤት አላስቀምጥ አለን፤ ወር ሳይሞላ ደግሞ ሩጫው እንደ አዲስ ጀመረ።

በጎረቤት ጥቆማ ያገኘናቸው አናጺ ግን ሥራቸውን የጀመሩት ከውጭ ነው። መሰላል አቁመው በቤቱ ዙሪያ እየዞሩ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት በጣታቸው ለኩና፣ "ልጄ፣ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ለአይጥ በር ነው፤ በሩ ሳይዘጋ መርዝ ቢበተን ሌላዋ ትገባለች" አሉኝ። ያገኙትን ቀዳዳ ሁሉ ወዲያው በሲሚንቶ ከመድፈን ይልቅ በጋዜጣ ወትፈው ሄዱ። በማግስቱ ሲመለሱ ጋዜጣው ተቦጫጭቆ የተገኘው በሁለት ቦታ ብቻ ነበር፤ የውኃ ቧንቧው ወደ ማድ ቤት በሚገባበትና በጓሮ በኩል ባለው የክዳኑ ጥግ።

አንዱን ቺፑድ ነቅለው በባትሪ ሲያሳዩኝ፣ እናቴ ስትፈልገው የከረመችው ነጠላ ተበጣጥሶ የአይጥ ጎጆ ሆኗል፤ ከጎኑ ያለው የመብራት ገመድ ላስቲኩ ተግጦ መዳቡ ተራቁቷል። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ ሳትግጥ መኖር አትችልም፤ እሳት ሳይነሣ መትረፋችንን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። እሳቸውም ቆጣሪውን አጥፍተው፣ "ይህ የእኔ ሙያ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ" አሉን። ያልቻሉትን ሥራ እንሞክረው የማይል ባለሙያ ማግኘት በከተማችን ቀላል ነገር አይደለም።

እናቴ ዶሮዎች ስላሏት በመርዝ ፋንታ ወጥመድ ተጠቀሙ። አይጥ ግድግዳ ታክካ ስለምትሄድ ወጥመዶቹን ጥግ ጥጉን አስቀመጡ፤ አዲስ ነገር ስለምትጠራጠርም የኦቾሎኒ ቅቤ ቀብተው ሁለት ሌሊት ሳይወጥሯቸው ተዉአቸው። በሦስተኛው ሌሊት ሲወጥሯቸው አምስት ተያዙ፣ በማግስቱ ሁለት። ኮርኒሱ ጸጥ ካለ በኋላ ብቻ ቀዳዳዎቹን የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቀው በሲሚንቶ ደፈኑ።

ከወር በኋላ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተመልሰው መጡና በኮርኒሱ ላይ ዱቄት ነስንሰው አደሩ፤ ጠዋት አንድም ዱካ አልነበረበትም። እናቴም እኔም ከልብ እናመሰግናቸዋለን። ለሚፈልጋቸው ሰው ስልካቸውን፣ እሳቸውን አስፈቅጄ፣ በውስጥ መስመር እልካለሁ፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እመጣለሁ ካሏችሁ ግን አምስት ሰዓት ላይ ጠብቋቸው።